የካልድራ የኋላ ወንበር

በ፲፱፻፸፯ ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር የላስ ቬጋስ ሰማይ ደመና የሚባል ነገር ረስቶ ነበር፤ ከከተማይቱ ምዕራብ ያለው ቀይ ተራራ ከረፋድ ጀምሮ በሙቀት ይንቀጠቀጣል፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፤ ሰውም ሁሉ ከአንዱ ማቀዝቀዣ ወደ ሌላው ማቀዝቀዣ እየሮጠ ቀኑን ይገፋል። ከመሐል ከተማው በስተደቡብ፣ ዛሬ አርትስ ዲስትሪክት ተብሎ የሥዕል አዳራሽና መጠጥ ቤት በሞላበት ሰፈር፣ ያኔ የነበረው የብረት መጋዘንና የጎማ መጠገኛ ብቻ ነበር። ከነዚያ መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ አቶ ሰርፀ ተፈሪ፣ የካልድራ ሞተርስ ነዳፊ፣ እስከ ክንዱ ድረስ በቅርጽ ጭቃ ተለውሶ የአንዲት ትንሽ መኪና አምሳያ ሲያስተካክል ይውል ነበር።

ካልድራ ሞተርስ እንደ መርከብ የሚረዝሙ መኪኖች እየሠራ የከበረ ድርጅት ነበር፤ ነዳጅ ተወዶ ሰው በማደያ መሰለፍ በጀመረ ጊዜ ግን ገዢ ራቀው። የድርጅቱ ባለቤት ሚስተር ሃልደን የቀረው ሀብት ሳያልቅ ትንንሽ መኪና ለመሥራት ቆረጡ፤ በበረሃ ያልተፈተነ መኪና አይታመንም ብለውም የንድፉን ክፍል ወደ ላስ ቬጋስ አመጡት። ሰርፀ ሦስት መኪና እንዲነድፍ ታዘዘ። ሦስቱም በአንድ ወለልና በአንድ ሞተር የሚሠሩ ሲሆኑ አንደኛዋ ባለ ሁለት በር፣ ሁለተኛዋ ለባለትዳር የምትሆን ባለ አራት በር፣ ሦስተኛዋ ኋላዋ ረዘም ያለ የዕቃ መጫኛ ያላት ነበረች። ሰርፀ ከሦስቱ ባለ አራት በሯን ይወድ ነበር፤ ለምን እንደሚወዳት ግን ገና በውል አያውቅም።

ሥራው ሲያዩት የሚያስቀና ነበር፤ ውስጡን ለቄስ። ሰርፀ ንጉሡ ሳይወርዱ ለትምህርት የመጣ ተማሪ ነበር፤ አብዮቱ ፈነዳና መመለሻው ተዘጋ፤ በቀይ ሽብር ዘመንም አብረውት ከተማሩት ብዙዎቹ አለቁ። በአሜሪካ የመኖር ፈቃዱ በካልድራ ስም የተሰጠ በመሆኑ ካልድራን የለቀቀ ዕለት አሜሪካንም ይለቃል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ግን የለም። ይህ እርሱን ያሰረው አንደኛው ገመድ ነው። ሁለተኛው ገመድ ሻለቃ ወልደማርያም ነበሩ።

ሻለቃ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የክብር ዘበኛ የመጓጓዣ ክፍል አዛዥ ነበሩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሻለቃ ሳይበሉ ተሻሩ፤ ሲቆጫቸው ያየ ግን የለም። አሁን በአንድ ትልቅ ካዚኖ ደጃፍ ቀይ ኮት ለብሰው የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። የከተማው ጥቂት ኢትዮጵያውያን ሁሉ ዛሬም ተነሥተው ይቀበሏቸዋል፤ «ሻለቃ» ሳይል የሚጠራቸው የለም። የሚስተር ሃልደንን መኪና ለዓመታት ያቆሙት እርሳቸው ነበሩና፣ ሥራ ያጣውን ሰርፀን ይዘው ቀርበው «ለዚህ ልጅ ዋስ ነኝ» ብለው ያስቀጠሩትም እርሳቸው ናቸው። ዋስ ያለው ሰው እንዳሻው አይሆንም፤ ቢያጠፋ የሚያፍረው ዋሱ ነውና። ስለዚህ ሰርፀ በካልድራ ግቢ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም።

በዚያው ሐምሌ አንድ እሑድ የወዳጅ ልጅ ክርስትና ነበር። ነዳፊዎች የሙከራዋን መኪና ይዘው ወደ ቤት እንዲሄዱ ይፈቀድላቸው ነበርና፣ ሰርፀ ባለ ሁለት በሯን ይዞ ሻለቃን ሊወስድ መጣ። ባለቤቱ አመለወርቅ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

«ሻለቃ፣ ጋቢና ይግቡ እንጂ» አለች።

«አንቺ ነፍሰ ጡር አይደለሽ? አንቺ ግቢ።»

«ኧረ ነውር ነው! እርስዎ ቆመው?»

«ግቢ አልኩሽ፣ ልጄ።»

«በሞቴ! እንዲህማ አይሆንም።»

ደንቡ የታወቀ ነው፤ ትልቅ ሰው እምቢ ይላል፣ ታናሽ ይለምናል፣ ትልቅ ሰው በመጨረሻ እሺ ይላል። የጋቢናው ወንበር ወደ ፊት ታጠፈ፤ አመለወርቅ ሆዷን ይዛ ወደ ኋላ ገባች፤ ወንበሩ ተመለሰ፤ ሻለቃም ሌሊቱን ሺፍት ላይ ያደረ ሰውነታቸውን አሳርፈው ተቀመጡ። የኋላው መስታወት ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የማይከፈት ሆኖ የተሠራ ነበር።

በመንገድ ሰርፀ ለድግሱ በረዶ ለመግዛት ቆመ፤ ማቀዝቀዣው እንዲሠራ ብሎም ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። በዕለተ እሑድ በረዶ የሚፈልገው እርሱ ብቻ አልነበረምና ሰልፉ ረዘመ። ትንሿ ሞተር ግን ማቀዝቀዣውን ተሸክማ በዚያ ሐሩር መቆም አልቻለችም፤ ጥቂት ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። ሻለቃ በጎናቸው ያለውን መስታወት ዝቅ አድርገው በንፋሱ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ከኋላቸው አመለወርቅ ልብሷ በላብ ረጥቦ ከሰውነቷ ተጣበቀ፤ እጇን ወደ ሻለቃ ትከሻ ዘረጋች፤ መለሰችው፤ እንደገና ዘረጋች፤ እንደገና መለሰችው። ሰርፀ በረዶውን ተሸክሞ ሲመለስ ሚስቱን በወንበሩ ላይ ተዘርራ አገኛት።

በሆስፒታል ውኃ በደም ሥሯ ተሰጣት፤ ልጁም እናቲቱም ተረፉ። ሐኪሙ ግን ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው አለ።

«ለምን አልቀሰቀስሻቸውም?» አለ ሰርፀ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አድረው እኮ ነው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ከእንቅልፍዎ ነቅተው ይውረዱልኝ ብዬ እንዴት ልበል? አሁን ትመጣለህ፣ አሁን ትመጣለህ እያልኩ…»

ሻለቃ ወልደማርያም ከመጋረጃው ወዲያ ቆመው ይህን ሰሙ። ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ነሐሴ ሲብት ሚስተር ሃልደን ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡና ገንዘብ ስላጠረ ባለ አራት በሯ ትቅር አሉ፤ ሁለት ተጨማሪ በር ከቆርቆሮ ቀርጾ የሚያወጣ መሣሪያ መግዛት አይቻልም፤ ባለትዳሩም ባለ ሁለት በሯን ይገዛል። ሰርፀ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃውን ተቃወመ። በቃል ማስረዳት ስላቃተው በተግባር ሊያሳያቸው አሰበ፤ ሻለቃን ለምኖ አስመጣና ጋቢና አስቀመጣቸው፤ ሚስተር ሃልደንን ደግሞ ከኋላ።

«አሁን ሙቀት በዝቶብዎታል እንበል፤ መውጣት ይፈልጋሉ» አላቸው።

«ሻለቃ፣ እባክዎ አንዴ ይውረዱልኝ» አሉ ሚስተር ሃልደን።

ሻለቃ ትእዛዝ እንደ ሰማ ምልምል ወታደር ዘለው ወረዱ፤ ወንበሩንም ራሳቸው አጠፉላቸው። ሚስተር ሃልደን እየሣቁ ወጡ።

«ይኸው ነው? መጠየቅ ብቻ እኮ ነው!»

«ባለቤቴ መጠየቅ አልቻለችም።»

«ለምን? አንደበት የላትም?»

ሰርፀ ይሉኝታን ለእኚህ ሰው ምን ብሎ ያስረዳቸው? ታላቅን ሰው ከመቀመጫው ማስነሣት በአንዳንድ ሰው ዘንድ ከሙቀት ይከብዳል ቢላቸው ሊስቁ ነው። ወደ ሻለቃ ተመለከተ፤ ሻለቃም መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ዋስ በቆሙለት ሰውና በአለቃው መካከል ገብተው ምን ይናገራሉ?

«እኔ መኪና የምሠራው አፍ ላለው ሰው ነው» አሉ ሚስተር ሃልደን፤ በክፋት ሳይሆን ነገሩ እንዲያልቅ ፈልገው። «የባለ ሁለት በሯን ሥዕል ጨርስና ፈርምበት። ተስማማን?»

«እሺ» አለ ሰርፀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ በራሱ አፈረ፤ ለሚስቱም የሆነውን ለመንገር ፊቷን ማየት አቃተው።

መስከረም ጠባ፤ አመለወርቅ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟም ሮሐ ተባለ። ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ሻለቃ ሊያደርሷት መጡና፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ወንበር ገቡ። ያ ረጅም ሰው ጉልበታቸውን ከአገጫቸው ጋር አጋጥመው ተቀመጡ።

«ሻለቃ፣ ምን ማለትዎ ነው? ይውጡ እንጂ!» አለ ሰርፀ ደንግጦ።

«ከእንግዲህ ቦታዬ እዚህ ነው። አራሷ ጋቢና ትግባ። ንዳ!»

እንዲህ ባለ ነገር የሚለመኑ ሰው አልነበሩም። ሰርፀ ነዳ። ከጥቂት መንገድ በኋላ ከፊታቸው የጭነት መኪና ተገልብጦ መኪናው ሁሉ ቆመ፤ የመስከረም ፀሐይም ከሐምሌዋ እምብዛም አታንስም። አመለወርቅ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ ሳለ ከኋላዋ የሚቆራረጥ ትንፋሽ ሰማች።

«ሻለቃ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። አትቸገሪ።»

አመለወርቅ ያን «ደህና ነኝ» አወቀችው፤ ራሷ ስትለው ከርማለችና። ጥያቄም አልደገመችም፤ በሩን ከፍታ፣ ሕፃኗን ታቅፋ በቆሙት መኪኖች መካከል ወረደችና ወንበሩን አጠፈች። ሻለቃ በአንድ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው ወጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰርፀ ውኃ አፈሰሰላቸው፤ ብዙ ቆይተው ትንፋሻቸው ተመለሰ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች አመለወርቅ፤ እንባዋ መጥቶ ነበር።

«አራስ ከነልጅዋ አስፋልት ላይ ውረጂልኝ ብዬ?» አሉ። «አንቺስ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

ሰርፀ ወንበሩን እንደ ታጠፈ ትክ ብሎ አየው። ሻለቃ ወደ ኋላ ቢሄዱ ታፋኙ ሻለቃ ሆኑ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም፤ የጎደለው የኋላ በር ነው። እኔም እጠይቃለሁ፤ ለሁለት በር ቆርቆሮ ሲባል ሁለት ጨዋ ሰው እርስ በርሱ እየተከባበረ መታፈን ነበረበትን?

በማግሥቱ ሰርፀ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ ሻለቃ በደጃፉ ቆመው ጠበቁት፤ ቀይ ኮታቸውን ትተው ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። አብረው ገቡ። ሻለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው በሚስተር ሃልደን ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሚስተር ሃልደን፣ ለዚህ ልጅ የገባሁትን ዋስትና ዛሬ አውርጃለሁ። ከእንግዲህ እርሱ ቢናገር በራሱ አፍ ነው፤ ቢቀጣም በራሱ ጀርባ ነው።»

ሚስተር ሃልደን አንዴ ሻለቃን፣ አንዴ ሰርፀን ተመለከቱ።

«የምን ዋስትና? መቼ ጠየቅሁ? ልጁ ጎበዝ ነው ብለውኝ ነበር፤ ሥራውን አየሁ፤ ቀጠርኩት።»

ሻለቃ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። ለዓመታት የሰርፀን አንገት ያስደፋው ገመድ ጫፉን የያዘው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እርሱና ሻለቃ ብቻቸውን ሲጎትቱት ኖረዋል። ንዴት መጣበት፤ ከንዴቱም በታች እስከዚያ ቀን የማያውቀው ቅለት ተሰማው።

«እንግዲያውስ እናገራለሁ» አለ። «ባለ አራት በሯ ካልተሠራች ስሜ ከሥዕሉ ላይ ይነሣ። አልፈርምም።»

«እሺ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር። ዛሬ እምቢ እልዎታለሁ።»

«ፈቃድህ በእኛ ስም መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ሚስተር ሃልደን አዘኑ እንጂ አልተቆጡም። ሥዕሉን ሌላ ሰው ፈረመበት፤ ሰርፀም የቀረውን ዕቃ በካርቶን ይዞ ወጣ።

የሆነው ሁሉ ከዚያ ወዲህ በፍጥነት ሆነ። ባለ ሁለት በሯ ለገበያ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፤ አሜሪካዊውም ተመልሶ ትልልቅ መኪናውን ፈለገ፤ ካልድራ ሞተርስም ተዘጋ። ሰርፀ ለብዙ ጊዜ በፍርሃት ኖረ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊያባርሩኝ መጡ እያለ ታክሲ ነዳ፤ ጥገኝነት ያገኘው ሮሐ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ዳግመኛ መኪና አልነደፈም። ይህ ቀላል ዋጋ ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ሻለቃ ወልደማርያምም በዚያችው ከተማ አርጅተው ዐረፉ።

ዛሬ ያ መጋዘን የሥዕል አዳራሽ ሆኗል፤ በመካከሉም ከካልድራ ትንንሽ መኪኖች የተረፈችው አንዲት ባለ ሁለት በር ተወልውላ ቆማለች። ወጣቶች በአጠገቧ ፎቶ ይነሣሉ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የሌላ ሰው ስም ጠርቶ ድርጅቱን የገደለው የነዳጅ መርከስ ነው ይላል፤ ሐሰትም አይደለም። ታሪክ የሚጽፈው የተሠራውን ነው፤ ሳይሠራ ለቀረ በር የሚጨነቅ የለም፤ ለዚያ በር ሲል ኑሮውን የጣለውንም ሰው የሚጠይቅ አልተገኘም።

አመለወርቅ ግን ካለፈው ሁሉ አንድ ነገር ይዛ ቀረች። በሰርግም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሰው መኪና ውስጥ፣ መውጣት ስትፈልግ ከፊቷ ያለው ሽማግሌም ይሁን ቄስ «አባቴ፣ ይነሡልኝ፤ ላልፍ ነው» ትላለች። የላስ ቬጋስ ሐበሻ እስከ ዛሬ ድረስ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ምን ያደርጋል፣ ባለጌ ናት እያለ ያማታል።