ልቀቀኝ

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በገላን ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ስድስት ሰዎች ቆመው ነበር፦ እጁ በካቴና የታሰረው የከባድ መኪና ሹፌር ደርዊሽ፣ ከባልና ሚስቱ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ኡመይር፣ ጎረቤቲቱ እትዬ አሰፋች፣ ሽማግሌው የሕንፃ ጥበቃ አቶ ኤባ፣ መርማሪው ሳጅን ሙሉአለምና የደርዊሽ ተከላካይ ጠበቃ ጋዲሴ። የደርዊሽ ሚስት ሰዓደት ከዚህ ደረጃ ወድቃ ከሞተች ዘጠኝ ቀኗ ነው።

ጋዲሴ ደርዊሽን አትወደውም። መዝገቡ መጀመሪያ የደረሳት ሚስቱን ደብድቦ ሲከሰስ ነበር፤ መምታቱንም አልካደም። አሁን ግን የተያዘው በነፍስ ማጥፋት ነው። ያላደረገው ከሆነ፣ ባላደረገው ዕድሜውን በእስር ሊጨርስ ነው።

«እትዬ አሰፋች፣ የሰሙትን እንደሰሙት ይንገሩኝ።»

«ስንቴ ልናገረው ልጄ? ‹ልቀቀኝ አንተ፤ ወረቀቴን አምጣ› አለች። ከዚያ ዱብ። ማን ይሆናል ብለሽ ነው? የሚመታት ባሏ ነው።»

«ድምፁን ሰሙት?»

«አልሰማሁም። ግን ያው ነው።»

«ከተከሰስኩ ወዲህ እዚህ አልኖርም፤ የዚያን ቀን ልብሴን ልወስድ መጥቼ ነበር» አለ ደርዊሽ። «ባንኳኳ የከፈተልኝ የለም፤ ተመለስኩ።»

ሳጅኑ ወደ አቶ ኤባ ዞረ። «እርስዎ ጥበቃ ነዎት ወይስ እንቅልፋም?»

«እንቅልፍም ጠባቂ ይፈልጋል ልጄ።»

ጋዲሴ ፈገግ አላለችም። «አባባ፣ ሰዓደት እርስዎን እንዴት ነበር የምታናግርዎት?»

«አንቱ ብላ ነዋ። የወሎ ልጅ እኮ ናት፤ ሥርዓት ታውቃለች።»

ከቦርሳዋ የቀድሞውን የድብደባ መዝገብ ቅጂ አወጣች። በደርዊሽ ላይ ፖሊስ የሚመካበት ዋናው ማስረጃ ይኸው ነበር።

«ሳጅን፣ የሰዓደትን ቃል የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፤ ከአፏ እንደወጣ።»

«እስቲ እዚህ ጋ ያንብቡልን።»

ሳጅኑ አነበበ፦ «‹ተዉኝ፣ ልጃችን እያየች ነው ብላቸው ደገሙኝ።›»

ደርዊሽ አንገቱን ደፋ።

«እየመታትም አንቱ ነው የምትለው» አለች ጋዲሴ። «እርስዎ የከተማ ልጅ ነዎት፤ ሚስት ባሏን አንተ ብትል አይደንቅዎትም። ሰዓደት ግን የዚያን ቀን ‹ልቀቀኝ› ነው ያለችው፤ ‹ልቀቁኝ› አላለችም። ስለዚህ ባሏ አይደለም፤ አቶ ኤባም አይደሉም። ወረቀቷ ደግሞ በማግስቱ ለሚሰማው የድብደባ ክስ የደረሳት መጥሪያ ነው፤ ከእጇም ከቤቷም አልተገኘም። ክሱ እንዲቀር የሚፈልግ፣ እሷ አንተ የምትለው ማን አለ?»

ሁሉም ኡመይርን አዩት።

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ። «በሰርቪስ ቂሊንጦ፣ ፋብሪካው…»

«ሰርቪሱማ አመለጠህ» አሉ አቶ ኤባ ቀስ ብለው። «ወንድምህ እንደወጣ፣ የሥራ ባጄን ረሳሁ ብለህ ተመለስክ። እኔን የጠየቁኝ ስለ ባሏ ብቻ ነበር።»

ኡመይር ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ወንድሜ እንዳይታሰር ብዬ ነው። ወረቀቱን ስነጥቃት ወደቀች።»



«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ታስሬ እያየኸኝ?» አለ ደርዊሽ። ከዚያ ወደ ጠበቃዋ ዞረ። «አላህ ይስጥሽ እህቴ።»

«የድብደባው ክስ አለ» አለች ጋዲሴ ወረቀቱን እያጠፈች። «እሱን ያደረጉት እርስዎ ነዎት።»

ኡመይር በዚያው ቀን ታሰረ። ደርዊሽ ከነፍስ ማጥፋቱ ነፃ ሆነ፤ በወሩ ሚስቱን በመደብደብ ስምንት ወር ተፈረደበት።