አረንጓዴ የሚያበራው ሰባት ቁጥር

«አራት ሰው ናችሁ፣ ስድስት ምግብ አዛችኋል» አለ ሰባት ቁጥር ገበታ። «የሚተርፈውን ማን ሊበላው ነው? እኔ እንደሆነ ሆድ የለኝም።»

«አንተ ምን አገባህ? እንግዳ ይዤ ነው የመጣሁት!» አለ ጋባዡ።

«እንግዳህንማ አየሁት። ከተቀመጠ ወዲህ ቀበቶውን ሁለቴ አላልቷል። ቁርሱን ጠግቦ ነው የመጣው።»

እንግዳው ሳቀ። ጋባዡም አፍሮ ሳቀ። ከስድስቱ ሁለቱ ተሰረዙና በገበታው መሃል ያለችው እንቁላል የምታህል አምፖል አረንጓዴ በራች።

በ2119 ዓ.ም. በጫሞ ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው «ማዕበል» ምግብ ቤት ይህ ብርቅ አልነበረም። ቤቱ ሠላሳ ገበታዎች አሉት፤ ሠላሳውም ይናገራሉ፣ ሠላሳውም አፈኞች ናቸው። የሠሯቸው መሐንዲሶች «ህሊና ገበታ» ይሏቸዋል፤ አንድ ምግብ መሬቱንና ውሃውን ምን እንዳስከፈለ የሚያውቅ ገበታ ማለት ነው። ከሰሃኑ ሥር «ምላስ» የሚሉት ስስ ብረት አለ። የተቀመጠበትን ይቀምሳል፣ ይመዝናል፣ ከየት እንደመጣ ይለያል። ከቅርብ ማሳ የተቆረጠ የሽፈራው ቅጠል ከሆነ አረንጓዴ ነው። በበረዶ ታሽጎ ከባሕር ማዶ የመጣ ሥጋ ቢጫ ነው። ከእፍኝ በላይ ትራፊ ከተተወ፣ ወይም አሳው ከምግብ ቤቱ ማርቢያ ኩሬ ሳይሆን ከሐይቁ የወጣ ከሆነ፣ ቀይ። ቀዩ እስከ አዳራሹ ጥግ ይታያል። ቅጣት የለውም፤ ሰው ያየዋል፣ በቃ። ያገራችን ሰው ደግሞ ከሚታይ ቢቀጣ ይመርጣል።

አንድ ከሩቅ የመጣ ባለሀብት ቀይ ሲበራበት በመስኮት ዘሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ አሉ። አዞዎቹም አፍረውለት ፊታቸውን አዞሩ። ውሸት ከሆነ የነገረኝን ሰውዬ አዞ ይብላው። እንግዶች ግን እውነትም ተለውጠው ነበር። ትራፊውን አስጠቅልሎ መሄድ የጨዋ ሥራ ሆነ። «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ቀርቶ «ሐይቁ ዛሬ ምን ይላል?» ማለት መጣ።

የገበታዎቹ ጠባቂ መስቀሌ ይባላል። ጠዋት ምላሳቸውን ይወለውላል፣ ማታ አፋቸውን ይዘጋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጫሞ ከአሳ ማጥመድ ይረፍ ሲባል አጥማጆቹን እየዞረ የለመነው እሱ ነው። መጀመሪያ ጀልባውን ያስረከበው ኋላ አማቱ የሆነው ጋሽ ጮምቤ ነበር።

«ጀልባዎን አሳ በሞላበት ሐይቅ ላይ እመልስልዎታለሁ» ብሎ መስቀሌ ቃል ገባለት።

በዘጠነኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ፣ «ጠላቂ» ከሐይቁ ወጣ። ጠላቂ በአሳ መልክ የተሠራ ቆጣሪ መሣሪያ ነው፤ አሳዎቹም ዘመድ መስሏቸው ተሰልፈው ይቆጠሩለታል። መስቀሌ ውጤቱን አየና መሣሪያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቁጭ አለ። ዕረፍቱ ሲጀመር መቶ ቆሮሶ አሳ በነበረበት ዛሬ አሥራ አንድ ብቻ ነው ያለው። ከሥሩ አንድ መስመር ተጽፏል፤ ይህ የመራቢያ ወር ከተጠበቀ ሐይቁ ይተርፋል፣ ካልተጠበቀ እናት አሳ አይኖርም።

«ቆጣሪው ተበላሽቷል» አለ መስቀሌ። አጥቦ መልሶ ላከው። አሥራ አንድ። እንደገና ላከው። አሥራ አንድ።

ሐይቁ ካረፈ፣ እንግዳው ሁሉ የኩሬ አሳ ከበላ፣ አሳው የት ሄደ? መፍቻውን ይዞ ሰባት ቁጥር ሥር ገባና ክዳኑን ከፈተ።

«የዛሬው አሳ ከየት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ከኩሬው» አለ ገበታው።

«ምላስህን እያየሁት ነው። ምላስህ ላይ የተጻፈው ሐይቅ ነው።»

«እሱ ውስጤ ነው፤ ለሰው የምናገረው ሌላ ነው» አለ ገበታው።

«ኩሬውስ?»

«ኩሬው አሳዎቹ አልቀው ከሞተ አምስት ዓመቱ። ወጥ ሠሪዋ ዘርፌ ኩሽና ሆና አለቀሰች። ለመስቀሌ ማን ይንገረው ብላ ሳትነግርህ ቀረች።»

የመስቀሌ እጅ መፍቻውን ለቀቀው። «ጠዋት ከእንግዳ ጋር ስለ ሁለት ሰሃን ስትጨቃጨቅ ሰምቼህ ነበር እኮ!»

«በትንሹ እከራከራለሁ። በትልቁ አልፋለሁ። እንዲህ ሲሆን ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የተቆጣሁትን አስታውሶ ያምነኛል።»

«ማነው እንዲህ ያለ ተንኮል ያስተማረህ?»

«አንተ።»

መስቀሌ ከገበታው ሥር ቀና ሊል ሲል ጭንቅላቱን መታው። ገበታው የዛሬ ስምንት ዓመት ድምፅ ከሆዱ አውጥቶ አሰማው። የብዙ ሰው ጫጫታ፣ ከዚያ የመስቀሌ የገዛ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ትንፋሽ እያጠረው፤ «እባክህ፣ በአማቶቼ ፊት አታዋርደኝ። ዛሬን ብቻ።»

ቀለበት ያሰረ ዕለት ነው። ቆጥቧል እንዳይባል ለሰባት ሰው አሥራ አራት ምግብ አዘዘ፤ ግማሹ ተረፈ፤ አምፖሏ መቅላት ስትጀምር የወደቀ ማንኪያ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ብሎ ለመነ።

«ሲቀላ ፊትህን አየሁት» አለ ገበታው። «አረንጓዴ ሳበራ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁህ ሰማሁ። ደግ ነገር መሰለኝ። ለሃያ ዘጠኙም ነገርኳቸው። ሁሉም ሰው አማት አለው።»

መስቀሌ በጀልባ ወደ ዳር ተሻገረና በእግሩ ወደ ጋሽ ጮምቤ ቤት ገሰገሰ። መንገድ ላይ የሚለውን አሰናድቶ ነበር፤ አማቱ እግር ላይ ወድቆ «በድዬዎታለሁ» ሊል። ሲደርስ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። መረቡ እርጥብ ነው።

«አባባ፣ ይህ ምንድነው?»

«መረብ ነዋ። ጀልባዬን አስረከብኩ እንጂ መረቤን አስረከብኩ ወይ?» ጋሽ ጮምቤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ዘርፌ ኩሬው ሞተብኝ አለች። እንግዳ ጾሙን ይሂድ? ለሷ ብለን ጀመርን።»

«እናንተ? ሁላችሁም?»

«ሁላችንም ወጣን አይባልም። አንዱ ሰኞ፣ አንዱ ማክሰኞ። ማንም ብዙ አላወጣም ልጄ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ነው ያወጣው።»

«እኔ ለእርስዎ ብዬ... ጀልባዎን ልመልስ ብዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ...» አለ መስቀሌ። «እዚያ ተቀምጠው ሲበሉ አንድ ቀን እንኳ የሐይቅ አሳ ነው አላሉኝም!»

«አጥማጅ የሐይቅ አሳን ከኩሬ አሳ መለየት ይጠፋዋል? ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጣዕሙ ይናገራል እኮ።» ሽማግሌው በሐዘኔታ አየው። «አንተ ብቻ ነህ ያላወቅኸው። እንዴት ብለን እንነግርሃለን? መብራቱ ሲበራ ፊትህ ደስ ሲለው ስናይ፣ ተወው፣ አናሳፍረው አልን።»

«ሐይቁ እያለቀ ነው አባባ። ይህን ወር ካልጠበቅነው አከተመ።»

«እንጠብቀዋለና» አለ ጋሽ ጮምቤ፣ ወደ መረቡ እየተመለሰ።

መስቀሌ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ገበታዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። የስምንት ዓመት ይሉኝታቸውን ከሆዳቸው ጠራርጎ አወጣው። ዘርፌን ለመናት፤ ይህን ወር አሳ እንዳትቀበል፣ ሽሮና ሽፈራው እንድታበዛ። «እሺ» አለችው። እንዴት ያለ እሺ እንደሆነ ግን ልብ አላለም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ጮምቤ አምስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ሰባት ቁጥር ላይ ተቀመጠ። የአሳ ጉላሽና የአሳ ዱለት ቀረበ። ሰሃኑ ገና ምላሱን ሲነካ አምፖሏ እንደ ፍም ቀላች።

«ይህች የሐይቅ አሳ ናት» አለ ገበታው፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «እናት አሳ ናት፤ እንቁላል ይዛ ነበር። ወደ ውሃ ልትመልሷት አትችሉም፤ ሌላ ላለመድገም ግን ትችላላችሁ። ሽፈራው አለ። ሽሮ አለ።»

ስምንት ቁጥር ቀላ። አሥራ ሁለት ቁጥር ቀላ። ወዲያው ሠላሳው አምፖል ቀልቶ አዳራሹ እንደሚቃጠል ቤት ሆነ። ጉርሻ በአየር ላይ ቆመ።

መስቀሌ ሰዉ ሰሃኑን ያያል ብሎ ነበር። ማንም ሰሃኑን አላየም። ሁሉም ያዩት እሱን ነው።

«አንተን አምኜ ነበር እኮ!» አለች አንዲት ሴት፣ ባሏንና የባሏን አለቃ አስቀምጣ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስምንት ዓመት አምነንህ እዚህ በላን። እንዲህ ትክደን?»

«እኔ ነኝ የከዳኋችሁ?» አለ መስቀሌ።

ጋሽ ጮምቤ ቀስ ብሎ ተነሳ። መስቀሌ ተስፋ አደረገ፤ ይህ ሽማግሌ አንድ ቃል ከተናገረ ከተማው ይሰማዋል። ጋሽ ጮምቤ ኮፍያውን አወለቀ፣ እንደ ቀብር ሰው ትንሽ ያዘው፣ ከዚያ አምፖሏ ላይ ደፋው።

«ብሉ እንጂ!» አለ። «ይቀዘቅዛል።»

ስምንት ቁጥር ላይ ነጠላ ወደቀ። አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ የእጅ ቦርሳ ተቀመጠ። አንዱ እንጀራ አነባብሮ ከደነ። ባዶ ሰሃን፣ ሻርፕ፣ የሕፃን ልጅ ጫማ ሳይቀር ለክዳን ዋለ። አዳራሹ ደብዘዝ አለ፤ ጨዋታው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ገበታዎቹ ከክዳናቸው ሥር ማውራታቸውን አላቆሙም፤ ግን በሰው ሳቅ መሃል ድምፃቸው አይለይም።

«ና ልጄ፣ ቁጭ በል» አለ ጋሽ ጮምቤ፣ ወንበር እየሳበ። «አልተቀየምንህም። ሰው ይሳሳታል።»

እንጀራውን ቆረሰ፤ ከጉላሹ ትልቁን ቁራጭ ጠቀለለበትና እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ እናት አሳ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። አፍህን ክፈት፣ እጄ ዛለ።»

አምስቱ ሽማግሌዎች ያዩታል። የአማት እጅ በአየር ላይ ቆሟል፤ ወጡ በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል። መስቀሌ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውሃው ጸጥ ብሎ ተኝቷል፣ አንዳች ነገር አይዘልበትም። ተመልሶ እጁን አየ።

አፉን ከፈተ።

እንዲጎመዝዘው፣ እንዲያንቀው፣ ቢያንስ አጥንት እንዲገጥመው ተመኘ። አሳው ጣፈጠው።