በብስኩት ጣሳ የተቆለፉት ማውሶች

ሜርል ታቼል የሞተችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሻይ ሰዓት፣ በቤልሪን ሆስፒታል የጓሮ ደረጃ ግርጌ ነው። ሳጅን ግሌኒስ ፓርዶ ስትደርስ የታዝማንያ የሐምሌ ዝናብ በተከፈተው በር እየገባ ደረጃውን ያርሰው ነበር። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኗል። ፍርዱ ግን ከሳጅኗ ቀድሞ ደርሷል።

«ያው ዓይነ ስውር ናት» አለች የድረ ገጽ ክፍል ኃላፊዋ ኖሊን ስፕረንት፣ እንባዋን እየጠራረገች። «ሲጋራ ለማጨስ በዚህ አትውረጂ እያልኩ ስንቴ ለምኛታለሁ መሰለሽ!»

«እዚህ ስንት ዓመት ሠራች?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ ኖራ፣ ደረጃው ዛሬ ጠፋባት?»

ግሌኒስ ሰው «ያው» ሲል ደሟ ይፈላል፤ ከዚያች ቃል በኋላ ማንም ምንም አይመረምርምና። ጎንበስ ብላ አንሶላውን ገለጠች። የሜርል ነጭ ዱላ ተጣጥፎ፣ በላስቲኩ ታስሮ፣ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነበር። አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ ትንሽ ቁልፍ አለ።

ኮሪደሩ ላይ የሜርል እናት ወይዘሮ ዶት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፤ አንድ ሰው እንኳ ፎጣ አላቀበላቸውም። ግሌኒስ የራሷን የአንገት ልብስ ደረበችላቸው። አሮጊቷ እጅጌዋን ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ ወደቀች እንዳትዪኝ። ስለማታይ ወደቀች ብለው ከጻፉባት ሁለተኛ ገደሏት ማለት ነው። ዕድሜ ልኳን የታገለችው ይህንኑ ቃል ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ እያለሁ አይጻፍም፣ ወይዘሮ ታቼል።»

ይህን ከማለቷ ጭንቀት ያዛት። በእርግጥ ወድቃ ቢሆንስ? ለእኚህ ሴት ምን ብላ ትመለሳለች?

«የእኔም ዓይን እየደከመ ነው» አሉ ወይዘሮ ዶት። «የሐኪም ቀጠሮ ራሷ በምትፈትነው የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ላስይዝልሽ ብላ ስንት ቀን ሞከረች። እምቢ ይላታል። ‹ሳላስተካክለው አልተውም፣ እማ፤ ጠብቂኝ› ትለኝ ነበር።»

ቢሮው ውስጥ ሴሚሲ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው። ከቶንጋ የመጣ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሥራው በድረ ገጹ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ለማያዩ ሰዎች በጽሑፍ መግለጽ ነው።

«የሜርልስ ሥራ ምን ነበር?»

«እኛን ማበሳጨት» አለ። ሊስቅ ብሎ እንባው ቀደመው። «ድረ ገጹ ማየት ለማይችል፣ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ይሠራ እንደሆን ትፈትናለች። በየሐሙሱ ጠዋት ደግሞ የኮምፒውተር ማውሶቻችንን በሙሉ ለቅማ በዚያ ጣሳ ትቆልፋቸዋለች። ‹ማውስ መጨበጥ የማይችል ሰው እንዴት እንደሚቃጠል እናንተም ቅመሱት› ትላለች። ከቢሮ እስክትወጣ አትመልስም።»

ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት የድሮ የብስኩት ጣሳ አለ።

«በሻይ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ሻይ ክፍል፣ ብቻዬን። ምስክር የለኝም። ግን ወደ ደረጃው የሚያወጣውን ያን የጓሮ በር አይተሽዋል? ወንበሬ አያልፍበትም። ይስፋልኝ ብዬ ካመለከትኩ ሦስት ዓመቴ።»

ግሌኒስ አስሞከረችው። ጎማው መቃኑ ላይ ቀርቅሮ ቀረ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያናድደኝ ኖሮ» አለ ሴሚሲ «ዛሬ ጠበቃ ሆነኝ!»

ዳርሲ ቬናብልስ የቀጠሮውን ካላንደር የሠራው የኮንትራት ባለሙያ ነው። ሸሚዙ ገና አሁን ከካውያ የወረደ ይመስላል።

«እኔ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ካላንደሩ ሰኞ ለሕዝብ ይከፈታል፤ የሙከራ ቀጠሮ ስይዝ፣ ስይዝ… ጩኸቱን የሰማሁት በመሃል ነው።»

«ካላንደሩ ሜርልን አስቸግሯት ነበር አሉ።»

«ሜርልን የማያስቸግራት ነገር አለ እንዴ? ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ ይሠራል ብዬ ፈርሜ አስረክቤያለሁ። እሷ ግን ነገ ቦርድ ፊት ልትከሰኝ ነበር። ነፍሷን ይማር።»

ግሌኒስ ጣሳውን አየች።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ዶትን ከፊት አስቀመጠቻቸው። ጣሳው እንደተቆለፈ ነው።

«ዓይነ ስውር ሰው ብቻውን ደረጃ ሲወርድ ዱላውን ይዘረጋል» አለች። «የሚያጥፈው የሚመራውን ሰው ክንድ ሲይዝ ነው። የሜርል ዱላ ታጥፎ ኪሷ ነበር። አብሯት የወረደ ሰው አለ ማለት ነው። እሷ ስትወድቅ ያ ሰው ‹ድረሱልኝ› አላለም።»

ኖሊን አፏን በእጇ ያዘች።

«አንቺ ፎቅ ላይ ከቦርዱ ጋር ነበርሽ፤ ሁሉም መስክረዋል። ሴሚሲን በሩ አያሳልፈውም። ዳርሲ፣ አንተ ቀጠሮ እየያዝክ ነበርክ። እስቲ ትናንት እንዳደረግከው አንድ ያዝልኝ። ለወይዘሮ ታቼል፣ የዓይን ክፍል።»

ዳርሲ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቀኝ እጁ ማውስ ፍለጋ ባዶ ጠረጴዛ ዳበሰ። ከዚያ ኪቦርዱን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት የወሩ ስም ላይ አረፈ፤ ሲደግም ቀኖቹን በሙሉ ዘልሎ ገጹ ግርጌ ወደቀ። መልሶ ሞከረ። ያው ነው።

«ቀን አይመረጥም እንዴ?» አለች ግሌኒስ። «ከሠራ አሳየን። ካልሠራ ፊርማህ ውሸት ነው፤ ሜርል ዛሬ የምታጋልጥህም ይህንኑ ነበር። ትናንት ደግሞ ማውስህ ጣሳው ውስጥ ተቆልፎ፣ እዚህ ተቀምጠህ አንዲት ቀጠሮ ልትይዝ አትችልም ነበር።»

«ሌላ… ሌላ ማውስ ነበረኝ።»

«አንተ?» ሴሚሲ ጮኸ። «‹እጄን አሰረችኝ› እያልክ ስታላዝንብን የዋልከው ማውስ ይዘህ ነው?»

ዳርሲ እጆቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«ለምኛታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከሰኞ በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኳት። ‹ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰኞ በኋላ!› ብላ ክንዴን ለቀቀችው። እኔም… ገፋኋት።»

«ክንድህን አምና ይዛ» አሉ ወይዘሮ ዶት ቀስ ብለው።

ፖሊሶች ዳርሲን ይዘውት ወጡ። ግሌኒስ አሮጊቷን ለማጽናናት ቢያንስ ቀጠሮውን ልያዝላቸው ብላ ወደ ሆስፒታሉ የቀጠሮ ክፍል ደወለች። የተቀዳ ድምፅ መለሰላት፦ «ለተቀላጠፈ አገልግሎት እባክዎ ድረ ገጻችንን ይጠቀሙ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ካላንደሩ ሰኞ ይከፈታል?» ሲሉ ወይዘሮ ዶት ኖሊንን ጠየቁ።

ኖሊን ተቅለሰለሰች። «ቦርዱ… እንግዲህ ማስታወቂያው ወጥቷል… ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። እስከዚያው ሥራ እንዳይቆም፣ ማውሶቹን…»

ወይዘሮ ዶት ጣሳውን ስበው እቅፋቸው ውስጥ አስገቡት።

«ልጄ ከቢሮ እስክትወጣ አትመልስም ነበር አይደል?»

«አዎ» አለ ሴሚሲ።

«እንግዲያው ገና አልወጣችም።»

ግሌኒስ ጣሳው ማስረጃ ነው ማለት ነበረባት። አላለችም። ክንዷን አቀረበችላቸው፤ አሮጊቷም ጣሳቸውን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ በሌላው ክንዷን ይዘው፣ በጓሮ ደረጃ አብረው ወረዱ።