እስከ መስቀል

ፀደይ እንጅባራ ላይ የሹራብ ሱቅ ከከፈተች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት ታፔላዋን ለሦስተኛ ጊዜ ልታስጽፍ ምንይችል ዘንድ ሄደች።

ምንይችል ከመናኸሪያው ጀርባ ታፔላ ይጽፋል። መጀመሪያ «ፀደይ ሹራብ» ብሎ ጻፈላት። ቀጥሎ «ታላቅ ቅናሽ» አስጨመረችው። አሁን ደግሞ «የአውሮፓ ሹራብ» እንዲል ፈለገች።

«አውሮፓ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«ከጫግኒ ወዲያ ሄጄ አላውቅም።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም። ጫግኒ እህል የሚነግደው ወንድሟ ዓለምነው የሹራብ መሥሪያ ማሽኑን ሲገዛላት እስከ መስቀል ጊዜ ሰጥቷታል። ካልሆነላት ማሽኑ ተሽጦ እሱ ሱቅ ልትቀመጥ ነው።

«እስካሁን ስንት ሰው ገዛ?»

«ዐሥራ አንድ። ሌላው ሁሉ ልባሽ ጨርቅ ተራ ነው የሚሄደው።»

«ሹራብ እኮ ታጥቦ ነው የሚታወቅ። ክረምቱ ይግባ፤ ይልበሱት፤ ይጠቡት። እስከዚያ ለዐሥራ አንዱም ደውለሽ እንዴት ሆነላችሁ በያቸው። ሌላ ግዙ አትበይ።»

«ትዕግሥት የሚቀልህ ሱቁ ያንተ ስላልሆነ ነው» አለችው።

ምንይችል ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት ሱቋ ድረስ ተከተላት።

ታፔላውን ትታ ደወለች። ማናለብሽ የምትባል ነርስ እጅጌው ተተርትሮብኛል አለቻት። ፀደይ አመስግናት ሹራቡን አስመጣች፤ አዲስ እጅጌ ሠርታ ያለ ክፍያ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ግን ሐምሌ ሙሉ የመጣ ገዢ ከጣት ቁጥር አያልፍም። ፀደይ መቀመጥ አቃታት። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ የተጣጠፈውን ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች። ምንይችል ዝናቡን እየሸሸ ብቅ ይልና «የደወለ አለ?» ብሎ ጠይቆ ይሄዳል።

ነሐሴ ሲገባ ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ዳንግላ ሥራ አግኝቶ መሄዱን ከጎረቤት ሰማች። ሳይሰናበታት። በሩን የምታየው ገዢ ፍለጋ እንዳልነበረ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ጳጉሜን ላይ ማናለብሽ አምስት የሥራ ባልደረቦቿን አስከትላ መጣች።

«ስንት ጊዜ አጠብኩት፤ አልጠበበ፣ ቀለሙ አልለቀቀ» እያለች እጅጌውን ታሳያቸዋለች። አምስቱም አዘዙ። የእነሱን ያዩ ደግሞ ተከተሉ። ፀደይ ከንጋት ጀምሮ ማሽኑ ላይ ናት፤ ግን ደስታዋን የምትነግረው ሰው አጠገቧ የለም።

በመስቀል ማግስት ዓለምነው መጣ። ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አየ፤ ማሽኑን ዳሰስ አደረገ።

«እንግዲህ እህሉን ብቻዬን እሸጣለኋ» አላት። «ነገ ወደ ጫግኒ እመለሳለሁ።»

ፀደይ ሱቁን አደራ ብላው ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች። ምንይችልን ጠያይቃ አንድ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ፣ መሰላል አናት አገኘችው።

«ለምን ጠፋህ?»

ብሩሹ እጁ ላይ ቀረ። «አጠገብሽ በቆምኩ ቁጥር ሌላ ነገር ልናገር እያልኩ ነበር። ያ ሁሉ ጭንቀት እያለብሽ የእኔን ልጨምርብሽ? መስቀል ይለፍ ብዬ ነው።»

«መስቀልማ አለፈ።»

«እንዲያው… እስከ ጥምቀት ብታገስ ብዬ…»

«ለሹራብ ያልከኝን ሰምቻለሁ፤ ልክ ነበርክ» አለች ፀደይ። «ለዚህ ግን አልታገስም። ወንድሜ ዛሬ እንጅባራ ነው፤ ነገ ይሄዳል። የምትልከው ሽማግሌ ካለህ ዛሬ ላክ።»

ምንይችል ቀለም የነካካውን ልብሱን አየ።

«አጎቴ እዚያው ናቸው። ግን እንዲህ ሆኜ?»

«እንዲህ ሆነህ።»

ከመሰላሉ ወረደ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወጥታ «መድኃ» ላይ የቆመውን ጽሑፍ አይታ ስሙን ስትጣራ፣ ሁለቱ እንጅባራ የሚመለሰው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።