ፍሬሙ የሸፈነው ጠባሳ

መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ቁመቷን የሚያህል ሥዕል ታቅፋ ስትገባ ከሥሩ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነበር። ከበሩ ጋር ተላተመችና በሩን ይቅርታ ጠየቀችው። እኔ ፍሬም መሥሪያ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳቄን ለመዋጥ ስታገል፣ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሳቄ ጠፋ።

የተሣለችው ጠና ያለች ልብስ ሰፊ ናት። ጉንጯ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። አገጯን ቀና አድርጋ ታየኛለች... ስንት የሙሽራ፣ ስንት የባለሥልጣን ፎቶ ፍሬም ውስጥ ያስገባሁ ሰው፣ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሣሁላት።

ሠዓሊዋ ባሎቻቸው የደበደቧቸውን ሴቶች እንደምትሥል፣ ሥዕሎቹም ለኤግዚቢሽን እንደሚቀርቡ ነገረችኝ። ለምን እንደጀመረች አልጠየቅኳትም። እጄን ድንገት ሳነሣ ደንግጣ ወደኋላ ስትል ግን ነገሩ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት መዶሻ እንኳ የማነሣው ቀስ ብዬ ነው።

እየተመላለሰች ሥዕሎቿን አመጣች። እኔም ሙጫው አልደረቀም እያልኩ አቆያታለሁ። ከደረቀ ቆይቷል፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን ቁጭ ብላ ታወራኛለች። ልቤ ሄደ።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ የወረቀት ሥዕል አመጣች፤ የራሷን ፊት። «ይህን ለመሣል ድፍረት እስካገኝ ነው ያን ሁሉ ሴት የሣልኩት» አለችኝ። አንገቷ ሥር፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

በእኛ ሙያ የወረቀት ሥዕል ዙሪያውን በካርቶን ይከበባል። ጠርዙ የተቀደደ ወይም የቆሸሸ እንደሆነ ካርቶኑን ሰፋ አድርገን እንሸፍነዋለን። እኔም የምወዳትን ሴት ከሰው አፍ ያዳንኳት መስሎኝ ካርቶኑን ሰፋ አደረግኩት። ጠባሳው ከሥሩ ገባ።

ልትወስደው መጥታ አየችው። ካርቶኑን በጣቷ ነካችው።

«የቀድሞ ባሌም አቃጥሎኝ ሲያበቃ ሻርፕ አድርጊበት ነበር ያለኝ» አለች። «አንተም ሸፈንከው።»

ይህን ሥዕል ኤግዚቢሽኑ ላይ እንደማትሰቅለው ነግራኝ፣ እዚያው ትታው ወጣች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካርቶኑን ቀድጄ ጣልኩና ሥዕሉን ይዤ ወደ ስቱዲዮዋ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ እንጂ ግባ አላለችኝም። ደጅ ቆሜ ተናገርኩ።

«አስቀያሚ መስሎኝ አይደለም። ሳየው አመመኝ... የሸፈንኩት ለራሴ ብዬ ነው። የት ድረስ መታየት እንዳለበት አንቺ አሳዪኝ፤ እኔ እቆርጣለሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ።

«ግባ» አለችኝ።

እርሳስ አንሥታ የፍሬሙን ድንበር ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ አሰመረችው። ከሥዕሉ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተሸፈነችም።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ያን ሥዕል መሃል ሰቀለችው። ሰው እየተንጫጫ ይገባና እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጥጌን ይዤ በመደነቅ ሳያት መጥታ እጄን ያዘችኝ። ቀድማ የያዘችኝ እሷ ናት!

ተጋባን። ሥዕሉን ሳሎናችን ውስጥ ሰቀልነው። እናቴ ቤታችንን ልታይ ስትመጣ ፊቱ ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪ ብንላት አልሰማችንም። ቆይታ ቆይታ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። የወለደችኝ፣ ያሳደገችኝ እናቴ፣ ክንዷ ላይ እኔ አይቼው የማላውቀው ጠባሳ ነበራት።

«እኔንስ ትሥይኛለሽ፣ ልጄ?» አለቻት።

ባለቤቴ ብሩሿን ልታመጣ ሄደች። እኔም ለእናቴ ወንበር ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ አስጠጋሁላት።