አሥራ ዘጠነኛው ምሰሶ

«ስንት ነው?» አለች ቀጮ፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደ ደቀነች።

 ጓደኛዋ ብረቷ የእግረኛው መንገድ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ሜትሩን በሁለት እጇ ወጥራ ቁጥሩን ደጋግማ ታያለች። አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ከመጨረሻው የመስኮት ፍሬም እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ለሰው የተረፈው ይኸው ነው። የቀረውን ሁሉ ቀይ ፀረ ዝገት የተቀቡ በሮችና መስኮቶች ይዘውታል፤ ቀለማቸው እስኪደርቅ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። በሮቹም መስኮቶቹም የአባቷ ናቸው።

«ሁለት ሜትር ከሃያ» አለች።

ቀጮ በሮቹን አየች። ከዚያ ብረቷን አየች።

«የሚዘጋ ነገር?»

«የለም።»

ከወርክሾፑ ውስጥ የብረት መቁረጫው ጩኸት ድንገት ቆመ። አባቷ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በበሩ ብቅ አለና እጁን አወዛወዘላቸው። «ጎበዞች ናችሁ። ጥላ ጥላውን ያዙ፣ ፀሐዩ ይመታችኋል» ብሎ ተመልሶ ገባ። ቀጮ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። አፏ ለአፍታ የማያርፈው ልጅ እስከ ሃያኛው ምሰሶ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ብረቷ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። አባቷ በያጅ ስለሆነ የክፍል ልጆች ያወጡላት ነው፤ እሷም ጠንካራ ጠንካራ ስላላት ወደደችው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሷን ያወጣው መልአክ ግን፣ ያን ቅዳሜ ላያት፣ ሳይሳሳት አልቀረም።

የልኬቱን ሐሳብ ያመጣችው ከመንገዶች ቢሮ የመጣች አንዲት ኢንጂነር ነች። ዋናው መንገድ ከሰፋ ወዲህ መኪናው ይከንፋል፤ ለእግረኛው ግን የሰፋለት ነገር የለም። ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ተማሪዎች ተገጭተው አንዷ እስካሁን ታነክሳለች። ኢንጂነሯ የመንገድ ደኅንነት ክበቡ ፊት ቆማ እንዲህ አለች፦ «እናንተ በየቀኑ ትሄዱበታላችሁ፣ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የመብራት ምሰሶዎቹ ላይ ቁጥር ጽፈናል። ከምሰሶ ምሰሶ ስንት ሰፋ፣ ምን ዘጋው፣ ለሰው ስንት ቀረ፣ ለክታችሁ ስጡን። የባሰበትን አስቀድመን እናስተካክላለን፤ የሚነሳው ይነሳል፣ አጥር ይቆማል፣ ዜብራ ይቀባል። ግን ቁጥሩን አደራ። ቢሮ ቁጭ ብዬ የማየው የእናንተን ወረቀት ነው።»

ከአሥራ አራት እስከ ሃያ ሁለት ያለው ለብረቷና ለቀጮ ደረሳቸው። ችግሩ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ የአባቷ ወርክሾፕ ደጅ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ልጅ አጎቱ መንገድ ላይ የሚቆልሉትን አሸዋ በሐቅ መዝግቦ መጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የልጁ ስም «አሸዋው» ሆነ፤ ቲቸር እንኳ አንዴ አምልጧቸው በዚሁ ስም ጠርተውታል። ብረቷም ከሳቁት አንዷ ነበረች። በእሷ ላይ እንዲሳቅ አልፈለገችም፤ በአባቷ ላይ ደግሞ ጭራሽ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ደጅ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ጋሼ ሰፊውን መኪና ገጫቸው» አለች እናቷ።

ልብስ ሰፊውን ሠፈሩ በሙሉ ጋሼ ሰፊው ነው የሚላቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ በክራንች ነው የሚሄዱት። የተማሪውን ሁሉ ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ናቸው፤ የብረቷም ቀሚስ የእሳቸው እጅ ነው። የሚኒባስ መስተዋት ትከሻቸውን መትቶ አስፋልቱ ላይ ጥሏቸዋል።

«የት ጋ?» አለች ብረቷ።

«እዚያው ታች፣ ከአባትሽ ወርክሾፕ አለፍ ብሎ ነው አሉ። ደግነቱ ነፍሳቸው ተርፏል።»

ብረቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ቀረች። ክራንች የያዘ ሰው አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደማይሄድ ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም።

በማግሥቱ ከሰዓት አባት፣ እናትና ልጅ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁ ሄዱ። ጋሼ ሰፊው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈዋል፤ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርኑ በጄሶ ታስሯል። ከአልጋው ትይዩ የስፌት መኪናቸው ቆሟል፤ መርፌው ሥር አንድ ሰማያዊ የዩኒፎርም ቀሚስ እንደተጀመረ ተቀምጧል። ብረቷ ዓይኗን ከቀሚሱ ላይ ማንሳት አቃታት።

«እንደው እንዴት አገኘዎት ጋሼ?» አለ አባቷ፣ ወንበሩን ወደ አልጋው እየሳበ። «ለምን ወደ አስፋልቱ ወረዱ?»

ጋሼ ሰፊው ጣሪያውን አዩ።

«ዓይኔ ነው» አሉ። «ደክሟል። ጥፋቱ የእኔው ነው።»

ብርቱካኑን ሳህን ላይ ስትደረድር የነበረችው ባለቤታቸው እጇ ቆመ። የብረቷን አባት ጫማ ትኩር ብላ አየችና «ለምን ደከማችሁ፣ እናንተ መምጣታችሁ ይበቃ ነበር» ብላ መደርደሯን ቀጠለች። ያኔ ብረቷ ሁሉም ነገር ገባት። ሰፊው ያውቃሉ። ባለቤታቸው ታውቃለች። ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ይሉኝታ አፉን ይዞት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የማያውቀው አባቷ ብቻ ነበር።

«እነዚህ ሹፌሮች እኮ እግረኛ ሰው አይመስላቸውም» አለ አባቷ። ከልቡ ተናዶ ነበር፤ ያ ነው የባሰው። «ግን መፍትሔ ይመጣል። ይቺ ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር ሆና መንገዱን እየለካች ነው።»

«እሰይ፣ የእኔ ጎበዝ» አሉ ጋሼ ሰፊው፤ ፊታቸው በራ። «ያቺን አሥራ ዘጠኝ የተጻፈባትን ምሰሶ አልፋችኋል? እሷን ተደግፌ ነው ሁልጊዜ ትንሽ የማርፈው። ከዚያ...»

የተናገሩትን መልሰው ሊውጡት የፈለጉ ይመስል ሳላቸውን ሳሉ። አባቷ ተነስቶ ውኃ አቀበላቸው።

«አልፈናል» አለች ብረቷ።  መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ግን ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

ሲመለሱ በወርክሾፑ በኩል አለፉ። ገና ወደ ውስጥ ያልገቡት በሮች እንደተደረደሩ ናቸው። እናቷ ቀድማ ወደ አስፋልቱ ወረደች። አባቷም ወረደ፤ አንዴም ወደ በሮቹ አላየም። ብረቷን ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ፣ ራሱን ወደ መኪናው በኩል አደረገ። «ጠጋ በይ፣ መኪና አለ» አላት። የእጁ ሙቀት ክንዷ ላይ ይሰማታል። እሷም ጠጋች።

ሐሙስ ቲቸር የሁሉንም ወረቀት በአንድ ሰንጠረዥ አጠቃለው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ቀይ የተቀባው ቅድሚያ የሚያገኝ ነው። ከአሥራ አራት እስከ ሃያ ሁለት አንዲትም ቀይ የለችም።

«እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፣ መንገዳችሁ ንጹሕ ነው» አሉ ቲቸር። «ኢንጂነሯ ነገ ትወስደዋለች። እርማት ያለው ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ያምጣ።»

በእረፍት ሰዓት ቀጮ ከቧንቧው ጀርባ ጠበቀቻት።

«ጋሼ ሰፊውን ጠየቅሻቸው?» አለች።

«እም።»

«እኔ አልሄድኩም። ምን ፊት አለኝ?» ቀጮ የጫማዋን ጫፍ ከግድግዳው ጋር ታጋጫለች። «አንቺ አልሽ፣ እኔ ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ የእኔም ስም አለ።»

«ለምን ታዲያ ያን ቀን ዝም አልሽ?»

«አባትሽ እጃቸውን ሲያወዛውዙልን ምን ልበል? ‹ጋሼ፣ በሮችዎን ያንሱ› ልበል?»

ብረቷ ወደ ክፍሎቹ በኩል አየች።

«ለቲቸር ንገሪያቸው በቃ» አለች። «አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል።»

«አልናገርም። ተጣይኝ ከፈለግሽ፣ ግን አልናገርም። አባትሽ ናቸው። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።» ከደብተሯ መሀል ያልተጻፈበት ቅጽ አውጥታ ሰጠቻት። «የተረፈኝ አንድ ነው፣ እንዳታበላሺው።»

ብረቷ የቀኑን ትምህርት አልሰማችም። ቁጥሩን በድብቅ አርማ ብትሰጥስ? ትችላለች። ያኔ አንድ ቀን ከቢሮው ሰዎች ይመጡና አባቷ በገዛ ደጁ፣ በጎረቤት ፊት፣ ከማያውቀው ሰው አፍ ይሰማል። ያኔም ልጁ ታውቅ እንደነበረች ይገባዋል። ይህን ስታስብ ከሳቁም፣ ከቅጽል ስሙም የበለጠ ይህኛው አሳፈራት።

ዓርብ ጠዋት ከወትሮው ቀድማ ወጣችና ወርክሾፑ ሄደች። አባቷ በሮቹን አንድ በአንድ እያወጣ ያስደግፋል።

«ምነው ማልደሽ? ምሳ ዕቃሽን ረሳሽ?»

«አይደለም አባዬ። አንዴ የሜትሩን ዜሮ ያዝልኝ።»

ሳቀ። ቁመቷ ከወርክሾፑ ጠረጴዛ በታች ከነበረ ጊዜ ጀምሮ ዜሮዋን የምትይዘው እሷ ናት፤ የሚያነበው እሱ ነው። ዜሮዋ ከተንሸራተተች በሩ አይገጥምም ብሎ ያስተማራት እሱ ነው።

«ዛሬ አለቃ ሆንሽ ማለት ነው» አለ፤ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ መጣ። «የት ላይ?»

«እዚህ።» የመጨረሻውን መስኮት ጥግ አሳየችው።

አባቷ በርከክ ብሎ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ተጫነው። እሷ ወደ አስፋልቱ ሳበች። ብዙም አልሳበች። አንድ ሚኒባስ እየከነፈ ሲያልፍ ነፋሱ ቀሚሷን አወዛወዘው።

«አርባ ሁለት» አለች።

«የምኑ ነው?»

«ለሰው የቀረው ነው።» ከጀመረች በኋላ ማቆም አልቻለችም። «ቅዳሜ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ የሚዘጋ የለም ብዬ አስጽፌያለሁ። ዋሽቻለሁ። ጋሼ ሰፊው የወረዱት እዚህ ጋ ነው አባዬ።»

የአባቷ ፈገግታ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። በሮቹን አየ። ምሰሶውን አየ። ከዚያ በየቀኑ እየወረደ የሚያልፍበትን አስፋልት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው ቆይቶ አየው። ጆሮው ቀላ።

«ሰውየው ዓይኔ ነው ብለዋል እኮ» አለ።

«አንተ ፊት ስለሆነ ነዋ።»

ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም።

«ድገሚው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ብረት ከመቁረጡ በፊት ሁልጊዜ የሚላት ነው። ሜትሩን ለቃ እንደገና ሳበችው።

«አርባ ሁለት።»

ብረቷ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሞላችው፤ ስፋት፣ የሚዘጋ ነገር፣ ለእግረኛ የቀረው። ‹በርና መስኮት› የሚለውንም ጻፈች። ከሥሩ ‹የለኩት ሰዎች ስም› የሚል አለ፤ ሁለት መስመር ነው። በመጀመሪያው የራሷን ጻፈች። ቀና ስትል አባቷ ዜሮዋን አሁንም አልለቀቃትም።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አለ።

«የቀጮ ነበር። ዛሬ ግን እሷ የለችም።»

«እኔ አይደለሁ እንዴ የያዝኩት?»

ብረቷ አየችው። እሱ እሷን አላያትም፤ ዓይኑ አውራ ጣቱ ላይ ነው።

«ስም እስከ አያት ነው የሚጻፈው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አሟልተሽ ጻፊው» አለ።

ጻፈችው።