ደምቆ የታየው መልስ

«ማሎ ሙቢና፣ እባክሽ ለማንም እንዳትናገሪ!» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ለሊሳ ስልኩን ደብተሩ ስር እየሸጎጠ።

ሙቢና ግን አይታለች። ኔትወርኩ ተንቀራፎ የመለማመጃው ጥያቄ ስልኩ ላይ ሲከፈት፣ ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ደምቆ ወጣና እንደ ሌሎቹ ሆነ። የደመቀው ትክክለኛው መልስ ነበር።

ክፍሉ በስልክ የሚፈተንበትን ፕሮግራም የሠራችው ራሷ ናት። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው መምህር እንደሻው ጥያቄውን ጽፈው ትክክለኛውን መልስ ያደምቁታል፤ የቀረውን ፕሮግራሙ ይጨርሰዋል። ጽሑፍ የሚጻፍበትንና የሚደምቅበትን ክፍል ከኢንተርኔት ዝግጁ ሆኖ ብታገኘውም፣ ከጥያቄ ጋር ለማገናኘት ሦስት ወር ለፍታለች። ድምቀቱ ለተማሪ እንዳይታይ ያዘዘችውም እሷ ናት። መጥፋቱንስ ይጠፋል፤ ቀርፋፋ ስልክ ላይ ግን ይዘገያል። እሷ የሞከረችው በትምህርት ቤቱ ፈጣን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

የባዮሎጂ ፈተናው ሊጀመር ዐሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

«መቼ አወቅክ?»

«ትናንት። ሃያ ከሃያ አመጣሁ!» ፈገግ ሊል ሞከረና አልሆነለትም። «ዛሬን ብቻ ልለፍበት። ባዮሎጂ ከወደቅኩ አባቴ ወደ አገራችን ጮሌ ይመልሰኛል፤ አሰላ መማሬ አበቃ። ደግሞ ብትናገሪ የምትዋረጂው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ሥራዋን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ከወደዱት አዳማ ለውድድር ይሄዳል።

ከፊታቸው ኤፍራታ ዐይኗን ጨፍና የሴል ክፍሎችን በቃሏ ትወጣለች። ሳምንቱን ሙሉ አጥንታለች። ስልኳ አዲስ ስለሆነ ለእሷ ምንም አይደምቅላትም።

በሩ ተከፈተ። መምህር እንደሻው ርዕሰ መምህሩን አስከትለው ገቡ። «ይቺ ናት ጎበዟ ልጃችን! ሙቢና፣ ሁሉ ዝግጁ ነው አይደል?»

ለሊሳ ከዴስኩ ስር የሹራቧን እጅጌ ያዘ። ሙቢና ፈራች። እንደምንም ተነሳች።

«አይደለም ቲቸር። አንዳንድ ስልክ ላይ መልሱን ያሳያል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ክፍሉ ተንጫጫ። መምህሩ ርዕሰ መምህሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ግንባራቸውን አሹ።

«ከእረፍት በኋላ በወረቀት ትፈተናላችሁ» አሉ በመጨረሻ።

ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወጣ። ለሊሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቀረ። ሙቢናም አልወጣችም። የባዮሎጂ ደብተሯን ከፍታ መሀላቸው አስቀመጠች።

«ከሴል እንጀምር?»

ለሊሳ ሳያያት ደብተሩን በአንድ ጣቱ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።